ከነንፍጡ መውደድ

«ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ» ብሎ መጀመሪያ የተናገረው ሰው ልጅ ማሳደጉን አልጠራጠርም። በክረምት ብርድ የልጅ አፍንጫ ሲጠርግ የዋለ፣ ጠርጎ ፊቱን ሳያዞር እንደገና ሲፈስ ያየ፣ በመጨረሻም ከመቆጣት መሳቅ የቀለለው ሰው ካልሆነ በቀር እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ አይወጣም። አባባሉ አጭር ነው፤ ለደከመ ወላጅ ግን የሚያስፈልገውን ትልቅ ነገር ይነግረዋል። ልጃችሁን የምትወዱት ታጥቦ ተቀብቶ ለእንግዳ ሲቀርብ፣ ፈተና ሲያልፍ፣ ሲታዘዝ ብቻ አይደለም። ንፍጡንም፣ እልኹንም፣ ማታ ማታ «አልተኛም» ማለቱንም አብራችሁ ተቀብላችኋል።

ስለ ልጅ አስተዳደግ የተነገሩ ዝነኛ አባባሎችን፣ የአገራችንንም የሌላውንም ዓለም፣ መሰብሰብ እወዳለሁ። ከብዛታቸው ይልቅ የሚደንቀኝ ጠባያቸው ነው። ዘመን ተሻግረው የደረሱን አብዛኞቹ መጀመሪያ ያስቁናል፤ ሳቃችንን ስንጨርስ ደግሞ የተነገረው ስለ ልጁ ሳይሆን ስለ እኛ ስለ ወላጆች መሆኑ ይገባናል። ይህ ጠባያቸው ለቤት ውስጥ ኑሮ ትልቅ ጥቅም አለው። ንዴት ጉሮሮ ላይ ሲደርስ፣ እጅ ሊነሣ ሲል፣ ምላስ የማይመለስ ቃል ሊወረውር ሲል፣ አንድ የሚያስቅ አባባል ትዝ ካለን ጥቂት ሰከንዶች እናተርፋለን። ልጁ የሚያስታውሰው ምሽት የፍቅር ወይም የፍርሃት መሆኑ የሚወሰነው ብዙ ጊዜ በእነዚያ ሰከንዶች ነው።

እስቲ ከአንድ አባት ምሬት ልጀምር። ቴዎዶር ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. ከ1901 እስከ 1909 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ነበር። ሩሲያንና ጃፓንን ከጦርነት አስታርቆ በ1906 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀብሏል። ይህ ሰው አሊስ የምትባል ኮረዳ ልጅ ነበረችው። በቤቴ ጣሪያ ሥር ሲጋራ አይጨስም ቢላት፣ ጣሪያው ላይ ወጥታ ማጨሷ እስከ ዛሬ ይወራል። ኤሚሊ ስፒናች የሚል ስም ያወጣችለት እባብም ነበራት። አንድ ቀን ደራሲው ኦወን ዊስተር ከፕሬዚዳንቱ ጋር ተቀምጦ ሲጨዋወት አሊስ በሩን እየከፈተች ደጋግማ ገባች። እንግዳው ይህችን ልጅ አደብ ማስያዝ አይቻልም ወይ ብሎ ቢጠይቅ፣ ሩዝቬልት ከሁለት አንዱን እንደሚችል ነገረው፤ ወይ አገር ማስተዳደር፣ ወይ አሊስን መቆጣጠር። ሁለቱን አንድ ላይ ግን በምንም ዓይነት እንደማይችል አስረዳው።

ይህን የሰማ ወላጅ ትከሻው ይቀለዋል። ሁለት ኃያላን መንግሥታትን ያስታረቀ ሰው በገዛ ቤቱ አንድ በር ማዘጋት አቅቶታል። እንግዲህ ልጃችሁ ሱቅ ውስጥ ብስኩት ካልተገዛልኝ ብሎ መሬት ላይ ሲንከባለል፣ የሰው ዓይን ሁሉ «አሳዳጊ የበደለው» እያለ የሚፈርድባችሁ ሲመስላችሁ፣ አገር ሲመራ የነበረው ሰው ትዝ ይበላችሁ። ፊታችሁ ይፈታል። ፊቱ የተፈታ ወላጅ ደግሞ ልጁን ከመሬት ሲያነሣ እጁ ገር ነው።

የሩዝቬልት ቀልድ ግን ከሥሩ ሌላ ታሪክ አለው፤ ይህን ታሪክ ሳላወራ ብቀልድበት ልጅቷን የበደልኳት ይመስለኛል። አሊስ የተወለደችው እ.ኤ.አ. የካቲት 12 ቀን 1884 ነው። በተወለደች በሁለተኛው ቀን እናቷ ሞተች። በዚያው ዕለት፣ በዚያው ቤት፣ የአባቷም እናት ሞተች። ወጣቱ አባት ልቡ ተሰብሮ ሕፃኗን ለእህቱ ሰጥቶ ከብት ሊያረባ ወደ ዳኮታ ምድረ በዳ ሄደ። የሟች ሚስቱን ስም መጥራት አይወድም ነበር፤ የልጅቷ ስም ደግሞ የእናቷ ስም ነው። በኋላ ሌላ ሚስት አግብቶ አምስት ልጆች ወለደ። አሊስ እንግዲህ በዚያ ትልቅ ቤት ውስጥ ከሟቿ እናት የተወለደች ብቸኛዋ ልጅ ነበረች። በሩን ደጋግማ ከፍታ የገባችው ልጅ ረባሽ ልትባል ትችላለች። እኔ የማየው ግን አባቷን የምትፈልግ ልጅ ነው።

ስልክ ስናወራ አምስቴ መጥቶ ቀሚሳችንን የሚጎትት፣ ከሥራ ገብተን ጫማ ሳናወልቅ ታናሹን መትቶ የሚያስለቅስ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ሞክሩት፤ ከሥራ እንደገባችሁ ስልኩን አስቀምጣችሁ የመጀመሪያውን አሥር ደቂቃ ሙሉ በሙሉ ለእሱ ስጡት። ምሽቱን በሙሉ ከመቆጣት ያድናችኋል።

ሩዝቬልት ራሱም ኋላ ላይ ይህን ተምሯል ብል ማጋነን አይሆንም። ከታናናሾቹ ልጆች ጋር በዋይት ሐውስ ውስጥ በትራስ ይደባደብ ነበር። አርቺ የተባለው ልጁ ታሞ በተኛ ጊዜ፣ አልጎንኪን የምትባል ትንሽዬ ፈረሱን እንዲያያት ብለው በአሳንሰር አሳፍረው መኝታ ቤቱ ድረስ አስገብተውለታል። የእኛ አባቶች «ከልጅ ጋር አትጫወት፣ በእንጨት ይወጋሃል» ብለዋል። እንጨቱ እውነት ነው፤ ከልጅ ጋር የተጫወተ ሁሉ አንድ ቀን ዓይኑ ሥር በአሻንጉሊት መኪና ይመታል። ግን በዚህ አባባል ከአባቶች ጋር አልስማማም። ይወጋችሁ፤ ተጫወቱ። ከልጁ ጋር መሬት ላይ ተቀምጦ ብይ የተጫወተ አባት፣ ልጁ በ16 ዓመቱ ችግር ሲገጥመው መጀመሪያ የሚፈልገው ሰው የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

«የዛሬ ልጆች» የሚለውን እሮሮ ደግሞ እንየው። በየቡናው፣ በየለቅሶ ቤቱ፣ በየታክሲው የምንሰማው ነው፤ የዛሬ ልጅ አያከብር፣ አይነሣ፣ አይሰማ። ለዚህ እሮሮ ድጋፍ ሆኖ በዓለም ዙሪያ የሚዞር አንድ ዝነኛ ጥቅስ አለ። የዘመኑ ልጆች ምቾት ወዳድ፣ ሥነ ምግባር የሌላቸው፣ ታላቅ ሲገባ ከመቀመጫቸው የማይነሡ፣ ከወላጅ ጋር የሚከራከሩ ናቸው ይላል። ተናጋሪው ከ2400 ዓመት ገደማ በፊት የኖረው ግሪካዊ ፈላስፋ ሶቅራጥስ ነው ይባላል። ሰው ይህን ሲሰማ «ለካስ ያኔም እንዲሁ ነበር!» ብሎ ይስቃል።

ነገሩ ይበልጥ የሚያስቀው እውነቱ ሲታወቅ ነው። ሶቅራጥስ እንዲህ አላለም። ቃሉ የተገኘው ኬኔት ጆን ፍሪማን የተባለ የካምብሪጅ ተማሪ ከጻፈውና እ.ኤ.አ. በ1907 ከታተመው ጥናት ነው፤ የጥንት ግሪኮች በልጆቻቸው ላይ ያሰሙ የነበረውን እሮሮ በራሱ አነጋገር ጠቅልሎ ሲያቀርብ የጻፈው ነው። እውነተኛው ሶቅራጥስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ዓመት ለሞት የተፈረደበት የአቴናን ወጣቶች ያበላሻል በሚል ክስ ጭምር ነበር። በወጣቶች ወዳጅነቱ የተገደለውን ሰው ወጣቶችን አማራሪ አድርገነዋል ማለት ነው።

ሶቅራጥስ ሦስት ወንዶች ልጆች ነበሩት። በፍርድ ሸንጎው ፊት ስለ እነሱ የተናገረውን ደቀ መዝሙሩ ፕላቶ ጽፎልናል። ልጆቼ አድገው ከመልካምነት ይልቅ ለገንዘብ የሚጨነቁ ከሆኑ፣ እኔ እናንተን ስነዘንዝ እንደኖርሁ እናንተም እነሱን ነዝንዙልኝ ሲል ዳኞቹን ለመናቸው። ስለ ልጅ አስተዳደግ ከሰማሁት ሁሉ ይህ አደራ ልቤን የሚነካው የበለጠ ነው። አባት ሊሞት ሲል ለልጆቹ የጠየቀው ሀብት ወይም ጥበቃ ሳይሆን የሚጠይቃቸው ሰው ነው። ልጆቻችንን እንዲህ አድርጎ በፍቅር የሚነዘንዝ አጎት፣ የክርስትና አባት፣ መምህር፣ ጎረቤት አላቸው ወይ? ከሌላቸው ብንፈልግላቸው አይከፋም። እናንተም የጎረቤታችሁን ልጅ «ምን እያነበብህ ነው?» ብላችሁ የምትጠይቁ ሰው ሁኑ።

የሰፈር ዓይን ሲነሣ፣ ልጅም ዓይንና ጆሮ እንዳለው መዘንጋት የለበትም። «ልጅና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የሚለው ተረት ጎረቤት በር ሲያንኳኳ ይፈተናል። እናት ከጓዳ ሆና «የለችም በላት» ትላለች፤ ልጅ በሩን ከፍቶ ጥርት ባለ ድምፅ «እማዬ የለችም በላት ብላለች» ይላል። ይህ ቀልድ በእያንዳንዱ ቤት የሚደገመው እውነት ስለሆነ ነው። አሜሪካዊው ደራሲ ጄምስ ባልድዊንም እ.ኤ.አ. በ1961 ባወጣው መጽሐፉ ልጆች ታላላቆቻቸውን መስማት እንደማይሆንላቸው፣ ታላላቆቻቸውን መምሰል ግን ፈጽሞ እንደማያቅታቸው ጽፏል። ሐረርጌም ይሁን ሃርለም፣ የሰው ልጅ አንድ ነው።

ይህን የሰማ ወላጅ መደንገጥ የለበትም፤ ደስ ሊለው ይገባል። አንድ ሺህ ጊዜ መምከር አያስፈልጋችሁም ማለት ነውና። ልጃችሁ መጽሐፍ እንዲያነብ ከፈለጋችሁ፣ ማታ ለሩብ ሰዓት እሱ ፊት ተቀምጣችሁ አንብቡ። «ይቅርታ» እንዲል ከፈለጋችሁ፣ ባልና ሚስት እሱ ፊት ይቅርታ ተባባሉ። ሠራተኛዋን «እባክሽ» በሏት። ወረቀቱ ላይ የምትጽፉት ይህንኑ ነው።

ከተረቶቻችን ሁሉ ጠለቅ ያለው ግን «እናቴ፣ በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» የሚለው ነው። ታሪኩን ያልሰማ የለም። ትንሹ ልጅ ከጎረቤት አንድ እንቁላል ሰርቆ ይመጣል፤ እናት ዝም ብላ ትቀበለዋለች። ከእንቁላሉ ወደ ዶሮ፣ ከዶሮ ወደ በግ፣ ከበግ ወደ በሬ ይሻገራል። በመጨረሻ ተይዞ ለስቅላት ሲወሰድ ለእናቱ ይህን ቃል ይነግራታል። በጥንት ግሪኮች የኤዞፕ ተረት ውስጥም ወንድሙ አለ፤ በዚያ ልጁ መጀመሪያ የሚሰርቀው የትምህርት ቤት ጓደኛውን የጽሑፍ ሰሌዳ ነው፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ላንሾካሹክልሽ ብሎ የእናቱን ጆሮ ይነክሳል። የእኛው ልጅ ጆሮ አይነክስም፤ የሚናገረው ቃል ግን ከንክሻ ያማል።

ብዙ ሰው ይህን ተረት ለዱላ ምስክር አድርጎ ይጠራዋል። እኔ በተረቱ ውስጥ የሚታየኝ የእናቲቱ ጥፋት ዝምታዋ ነው። እንቁላሉን አይታ «ከየት አመጣኸው?» አላለችም፤ ጠበሰችው። በዚያ ቀን የሚያስፈልገው ሁለት ደቂቃ ነበር፤ የልጁን እጅ ይዞ ወደ ጎረቤት ቤት መሄድ፣ እንቁላሉን ማስመለስ፣ አብሮ ይቅርታ መጠየቅ። ከባድ አይደለም፤ ግን ያሳፍራል፣ ስለዚህ እናልፈዋለን። የዘመናችን እንቁላሎች ብዙ ናቸው፤ የክፍል ጓደኛ እርሳስ ቦርሳ ውስጥ ይገኛል፣ የቤት ሥራው ተሠርቷል ተብሎ አልተሠራም፣ ታናሽ እህት በቅጽል ስም ትሰደባለች። እንቁላል ሲሆን ነገሩ በሳቅና በለዘበ ቃል ይፈታል። በሬ ሲሆን ሽማግሌም አይበቃው። ስለዚህ ትንሽ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ትንሽ መሆኑ ነው ዕድላችሁ።

ስለ ዱላ ካነሣን ሳልናገር የማላልፈው አለ። መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 13 ስለ በትር የተናገረውን ወላጅ ሁሉ ያውቀዋል። ያው መጽሐፍ በምዕራፍ 15 መጀመሪያ የለዘበ መልስ ቁጣን እንደሚያበርድ መናገሩን፣ ኤፌሶን ምዕራፍ 6 አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቆጡ ማዘዙን ግን የምናስታውሰው ጥቂቶች ነን። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የሚያዘወትሩት «በትሩን የቆጠበ ልጁን ያበላሻል» የሚል አጭር አባባል ደግሞ በዚያ መልኩ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም፤ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሳሙኤል በትለር ከጻፈው የስላቅ ግጥም የመጣ ነው፤ እዚያም የሚነገረው ስለ ፍቅር ነገር እንጂ ስለ ልጅ አስተዳደግ አይደለም። አባባልን ለመምታት ፈቃድ አድርጎ መያዝ ያስፈራኛል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋማት አካላዊ ቅጣት እንዳይደርስባቸው ደንግጓል። ትምህርት ቤት ያልተፈቀደለትን ዱላ ቤት ውስጥ የምንይዝበት ምክንያት አይታየኝም።

«ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለውንም በጥንቃቄ ያዙት። አብዛኞቻችን የምንጠቀምበት እጃችንን ለመታጠብ፣ መጨረሻውን ብቻ አንስተን «መከራ ይምከረው!» ለማለት ነው። አባቶች ግን ከመከራ በፊት ሁለት ጊዜ ምክርን አስቀድመዋል። እንደኔ ቢሆን ለጎረምሳ ልጅ ሦስተኛም አራተኛም እጨምርለታለሁ።

ወደሚያስቀው ልመለስ። «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» እንላለን፤ ልኩን ያለፈ ልጅ ለመገሠጽ። ዛሬ ግን ልጅ በእርግጥም እናቱን ያስተምራል። አዲስ አበባ ውስጥ የአያትን ቴሌብር የሚከፍተው፣ የምስጢር ቁጥሯን የሚያስታውሳት የልጅ ልጅ ነው። ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ፣ ወይም እስራኤል ውስጥ ያለ ልጅ ደግሞ ከሐኪም ቤት እስከ ባንክ ለእናቱ ያስተረጉማል። መምህሯ «ልጅዎ ክፍል ውስጥ ይረብሻል» ስትል እሱ ወደ እናቱ ዞሮ «ጎበዝ ነው እያለችሽ ነው» ይላል፤ እናትም ፈገግ ብላ ታመሰግናለች። በየማኅበሩ የሚነገር ቀልድ ነው።

ከሳቁ ሥር ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፣ ልጅ የሚያውቀውን ነገር ሲያስተምራችሁ ደስ ብሏችሁ ተማሩ፤ «እስቲ አሳየኝ፣ የኔ ጌታ» ሲባል ቁመቱ በአንድ ጊዜ ይጨምራል፤ እሱም የሚያስተምሩትን ማክበር ከእናንተ ይማራል። ሁለተኛው፣ ስለ ልጁ በሚደረግ ስብሰባ ላይ ልጁን አስተርጓሚ አታድርጉት። ብዙ የአሜሪካ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይሆንለት ወላጅ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ ያቀርባሉ፤ ጠይቁ። ምጡን ለእናት እንተውላት።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለውም እንዲሁ ወጥ ቤት ውስጥ ይፈተናል። የአምስት ዓመት ልጅ «እኔ ላቡካ» ብሎ እጅጌውን ሲሰበስብ ዱቄቱ ግማሹ ወለል ላይ እንደሚቀር የታወቀ ነው። ራትም ይዘገያል። ግን ቅዳሜ ከሰዓት፣ ራት በማይቸኩልበት ቀን፣ አንድ ጭብጥ ሊጥ ስጡት። ያቦካውን ቂጣ ጋግራችሁ፣ ጠማማም ቢሆን ገበታ ላይ አቅርባችሁ «ይህ የእሱ ነው» በሉ። ለራት ባይበቃም ለልጁ ይበቃዋል።

ልጆች ራሳቸው የሚናገሩትስ? «የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ» ይባላል፤ ጥሬውን ስቀን እንረሳዋለን፣ ብስሉንም እንዲሁ። ማታ በመኪና ስንሄድ ጨረቃ ለምን እንደምትከተለን የማይጠይቅ ልጅ አለ? አንድ ደብተር ግዙ፤ የልጃችሁን ንግግር ከነቀኑ ጻፉበት። ስታዝኑም ስትናደዱም አንድ ገጽ ግለጡ። ከዓለም ጥቅሶች ሁሉ ለቤታችሁ የሚቀርበው እዚያ ውስጥ ነው። ሠርጉ ላይ ስታነቡበት ደግሞ አዳራሹ በሳቅ ይሞላል።

የጎረምሳና የኮረዳ ወላጆች ግን «የእኛስ መቼ ነው የሚያስቀው?» ሊሉኝ ይችላሉ። ለእናንተ ያስቀመጥኩት በአሜሪካዊው ደራሲ በማርክ ትዌይን ስም የሚነገረውን ነው። ተናጋሪው በ14 ዓመቱ አባቱ ምንም የማያውቅ ሰው ሆኖበት አብሮት መቀመጥ እንኳ ያስቸግረው ነበር፤ 21 ዓመት ሲሞላው ግን ሽማግሌው በሰባት ዓመት ውስጥ ምን ያህል ብዙ እንደተማረ አይቶ ገረመው። ቀልዱ ድንቅ ነው፤ የትዌይን ሕይወት ግን አይደለም። የትዌይን አባት የሞተው እ.ኤ.አ. በ1847፣ ልጁ ገና 11 ዓመቱ ሳለ ነው። ትዌይን በ14 ዓመቱ የሚንቀው፣ በ21 ዓመቱም የሚያደንቀው አባት አልነበረውም።

ይህን ካወቅሁ ወዲህ ቀልዱን ሳነብ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ይሰማኛል፤ ሳቁም፣ የዚያ የ11 ዓመት ልጅ ሐዘንም። ልጁ ዓይኑን ገልብጦ «አባዬ፣ ይህ እኮ ድሮ ቀርቷል» የሚለው አባት ዕድለኛ ነው፤ አለና። ሰባቱን ዓመት አብሮ ለማለፍ ጊዜ ተሰጥቶታል። በእነዚያ ዓመታት ክርክሩን ሁሉ ማሸነፍ አያስፈልግም። መገኘት ያስፈልጋል፤ ዝም ብሎ አብሮ መኪና ውስጥ መቀመጥ፣ ሌሊት ሲያጠና ሻይ አፍልቶ ማቅረብ፣ የሚወደውን ቡድን ጨዋታ አብሮ ማየት። በ14 ዓመቱ የሰጣችሁ ማርክ የመጨረሻው ውጤት አይደለም።

አሁን ደግሞ ወደ ሥራ። በሚመጣው እሑድ ቡና ሲፈላ ይህን ጨዋታ ሞክሩ። ብዙዎቹ ተረቶቻችን ሁለት ግማሽ አላቸው፤ አንዱ መጀመሪያውን ይላል፣ ሌላው ይጨርሰዋል። «ቀስ በቀስ» ሲባል «እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚል ያገኛል። ላወቀ አንድ እፍኝ ፈንዲሻ ይሰጠው። ያላወቀ ደግሞ ከራሱ ፈጥሮ ይጨርስ፤ ሳቁ የሚመጣው ከዚህ ነው። አማርኛ ሲነገረው በእንግሊዝኛ ወይም በዕብራይስጥ የሚመልስ ልጅ ካላችሁ በራሱ ቋንቋ ይጨርሰው፤ አትቆጡት፤ ግማሹን በእኛ ቋንቋ ሰምቷልና። አያቶች አገር ቤት ከሆኑ በስልክ ይግቡ፤ እነሱ የማናውቀውን ጀምረው ያስጨንቁናል። ልጆቹ ከፈጠሯቸው ውስጥ ያማረውን ደብተሩ ላይ ጻፉት፤ ስሙንና ቀኑን አትርሱ።